«አላው» ያለው ጣት የማን ነው?

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ ካሉት ሞባይል ቤቶች በአንዱ ዝናብ ተጠልዬ ቆሜ ነበር። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ ይዘው ገቡ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸው ነው። «ልጄ፣ ብር የሚመጣበትን ጫንልኝ። ደሞ ያንን፣ ልጄ እየታየ የሚያወራበትን።» ባለሱቁ ልጅ «እሺ እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ ስልኩን ተቀበላቸውና ጣቱን ይሰደው ጀመር። አላው፣ አላው፣ ነክስት፣ አላው። «አላው» ማለት «ፍቀድ» ነው። ሥራ ሆኖብኝ ቆጠርኩ፤ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ዘጠኝ ጊዜ ፈቀደ። የስልክ ማውጫ፣ ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ ያሉበት ቦታ፣ መልእክት፣ ፎቶ። እናትየው ያን ሁሉ ጊዜ አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴት ጤፉ ላይ ውኃ እንዳይተኛበት እየተጨነቁ ያወሩ ነበር። «ይኸው እማማ፣ አልቋል።» «ተባረክ ልጄ፣ እደግ።» ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ የሞባይል አፕ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። እነዚያ ጥያቄዎች መቼና ስለምን ስክሪኑ ላይ እንደሚወጡ የሚወስነው እንደኔ ያለ ሰው ነው። ኮዱን ስጽፍ ፊቴ የሚመጣው ስልኩን በእጁ ይዞ፣ ጥያቄውን አንብቦ፣ አስቦ የሚመልስ ባለቤት ነው። እዚያ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። የስልኩ ባለቤት ጥያቄውን አላዩትም፤ ያየው ልጅ ደግሞ የሚጠፋበት ነገር የለም።

ስለ ተጠቃሚ ፈቃድ የምናነበው መመሪያ ሁሉ የተጻፈው በዚያ ባልነበረው ሰው ልክ ነው። እኛ ዘንድ ስልኩን የሚያዘጋጀው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ የሞባይል ቤት ልጅ፣ የእህት ልጅ፣ ለበዓል የመጣ ተማሪ። የሲስተሙ ጥያቄ የሚመጣው ስልኩ በተዘጋጀበት ቋንቋ ስለሆነ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። አፑም ቢሆን ከፕሌይ ስቶር የወረደ ላይሆን ይችላል፤ በዜንደር ወይም በቴሌግራም ከሰው ስልክ የተሻገረ ኤፒኬ፣ ማለትም የአፕ መጫኛ ፋይል፣ ነው። ስለዚህ እዚህ አፕ የሚሠራ ሰው ሳይጠይቅ መሥራትን አስቀድሞ ይማር እላለሁ። መጠየቁ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ከደጅ እስከ ጓዳ

በጎጃም ገጠር እንግዳ ዘው ብሎ አይገባም። አጥሩ ጋ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፣ ውሻ ይያዝለታል፣ «ይግቡ» ሲባል ገብቶ የተሰጠው መደብ ላይ ይቀመጣል። ጓዳ መግባት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጎተራ መክፈትማ አይታሰብም። የአንድሮይድ መሠረቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለእያንዳንዱ አፕ የየራሱን የሊኑክስ ተጠቃሚ ቁጥር ሰጥቶ በየክፍሉ ይዘጋዋል፤ አንዱ የሌላውን ፋይል አያይም። ከክፍሉ ውጭ ያለ ነገር ሲፈልግ ማኒፌስት በሚባለው ፋይል ላይ አስቀድሞ ማስመዝገብ አለበት።

ችግሩ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ እንግዳው የጓዳውንም የጎተራውንም ቁልፍ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠይቅ የነበረ መሆኑ ነው። አፑ ሲጫን የሚፈልገውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ወይ ሁሉንም ትቀበላለህ ወይ አትጭነውም። በዚያ ዓመት የወጣው አንድሮይድ 6 አደገኛ የተባሉትን ፈቃዶች አፑ እየሠራ ሳለ አንድ በአንድ እንዲጠየቁ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አንዱ በር ሲጠብቅ ቆይቷል። በ2019 አንድሮይድ 10 «ስጠቀምበት ብቻ» የሚባለውን የቦታ ፈቃድ «ሁልጊዜ» ከሚለው ለየው። በ2020 አንድሮይድ 11 «ለአሁኑ ብቻ» የሚል አማራጭ ጨመረ። በ2021 አንድሮይድ 12 ትክክለኛውን ቦታ ከግምታዊው ነጠለ፤ ማይክሮፎን ወይም ካሜራ ሲበራ ከላይ ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት እንዲታይም አደረገ። በ2022 አንድሮይድ 13 ማሳወቂያ ለመላክ እንኳን ፈቃድ ጠየቀ፤ በ2023 የመጣው 14 ደግሞ ሙሉውን አልበም ሳይከፍቱ የመረጧቸውን ፎቶዎች ብቻ መስጠት አስቻለ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ኢንተርኔት ነው። አንድ አፕ የሰውን ስልክ ማውጫ ለማንበብ ይጠይቃል፤ ያነበበውን ወደ ሩቅ ሰርቨር ለመላክ ግን ማንንም አይጠይቅም። ኢንተርኔት ተራ ፈቃድ ተብሎ ስለተመደበ ማኒፌስቱ ላይ መጻፉ ይበቃል። ስለዚህ ሰው «ማውጫዬን እይ» ሲል ሳያውቀው «ማውጫዬን ውሰድ» ብሏል። ይህን ለተማሪዎች ስነግራቸው ብዙዎቹ አያምኑኝም፤ ማኒፌስቱን ከፍቼ ሳሳያቸው ዝም ይላሉ።

ሁለት ጊዜ እምቢ ካሉ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ጓደኞቼና እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ መጥሪያ አፕ ሞክረን ነበር። አፑ ሲከፈት፣ ገና ስሙ ስክሪኑ ላይ እንደታየ፣ አራት ፈቃድ አከታትሎ ይጠይቃል፦ ቦታ፣ የስልክ ማውጫ፣ ስልክ መደወል፣ ኤስኤምኤስ ማንበብ። ሳይጠሩት አቤት ይሉታል እንዲህ ያለውን። ለሙከራ የሰጠናት አንዲት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪ «ምን ልትሰርቁኝ ነው?» ብላን ሳቀች። ሳቋ ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ አራቱንም እምቢ ብላ ስልኩን መለሰችልን።

የባሰው የመጣው በሳምንቱ ነው። ሸቀጥ የሚነግዱ አንድ እናት ደውለው «ልጆች፣ ይሄ ነገራችሁ ሞቷል መሰል፤ ብነካው ብነካው ዝም» አሉን። ሄደን ስልካቸውን ስናይ «ባጃጅ ጥራ» የሚለው ቁልፍ በእርግጥም ዝም ብሏል። ኮዱ ላይ ስህተት አልነበረም፤ ስህተቱ እኛ ነበርን። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ተጠቃሚው አንድን ፈቃድ ሁለት ጊዜ ከከለከለ ሲስተሙ ያንን «ዳግም አትጠይቀኝ» ብሎ ይተረጉመዋል። ከዚያ በኋላ አፑ አንድ ሺህ ጊዜ ቢጠይቅ መስኮቱ አይወጣም፤ «ተከልክሏል» የሚል መልስ ወዲያው ይመለሳል። የእኛ አፕ ደግሞ ክልከላ ሲመጣለት ምን እንደሚያደርግ አልተነገረውም። እናትየው የመጀመሪያውን እምቢ ያሉት አፑን ሲከፍቱ፣ ሁለተኛውን በነጋታው ሲከፍቱ ነው። ባጃጅ ለመጥራት እጃቸውን ባነሱበት ሰዓት ዕድላችንን ጨርሰን ነበር። አይፎን ላይማ ዕድሉ አንድ ብቻ ነው።

ሁለት ጥይት ብቻ ያለው ሰው ወፍ ሲያልፍ ሁሉ አይተኩስም። ጥያቄውን ሰውየው ራሱ «ባጃጅ ጥራ»ን እስከሚነካበት ቅጽበት አቆየነው። ይህን ያደረግነው እምቢታውን ለመቀነስ ብለን ነው፤ ሌላ ጥቅም እንዳለው የገባኝ ግን ያን ቀን ደብረ ማርቆስ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ስቆጥር ነው። የሞባይል ቤቱ ልጅ አፕ ይጭናል፣ ይከፍታል፣ አካውንት ያወጣል፤ ባጃጅ ግን አይጠራም። ባጃጅ የሚጠራው ባለቤቱ ነው። ጥያቄው ከሥራው ጋር ከታሰረ፣ መስኮቱ ሲወጣ ስልኩ የተመለሰው ወደ ባለቤቱ እጅ ነው። አዘግይቶ መጠየቅ እኛ ዘንድ የዲዛይን ውበት ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛውን ሰው ለመጠየቅ ያለን አንዱ መንገድ እሱ ነው።

ቀጥሎ የቋንቋው ነገር አለ። የሲስተሙን መስኮት ጽሑፍ አንድሮይድ ላይ መለወጥ አይቻልም፤ በስልኩ ቋንቋ ይመጣል። ከእሱ በፊት የምናሳየው የራሳችን ገጽ ግን የእኛ ነው። የመጀመሪያው ጽሑፋችን «ይህ መተግበሪያ የአካባቢ መረጃዎን ለመድረስ ፈቃድዎን ይጠይቃል» ይል ነበር። አማርኛ ነው ብለን ነበር። «አካባቢ» ሲባል አንዱ ሰፈሩን፣ አንዱ የአየሩን ሁኔታ አስቦ ነበር፤ «መረጃዎን» የሚለው ቃልማ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ ጣቢያ የተጠራ ይመስለዋል። አሁን «ባጃጁ ያሉበት ድረስ እንዲመጣ ስልክዎ ቦታዎን ይንገረን?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ፤ አንዱ «አዎ፣ ይንገራችሁ»፣ ሌላው «አይ፣ ራሴ እጽፋለሁ»። የመጀመሪያውን ሲነኩ ብቻ የሲስተሙ መስኮት ይወጣል። ሁለተኛውን ከነኩ ከሁለቱ ዕድላችን አንዱም አልተነካም።

ሁለተኛው ቁልፍ ያለ ምክንያት አልመጣም። ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ቦታ የሚናገረው በምልክት ነው፦ «ፓፒረስ ጋ»፣ «ዓባይ ማዶ ድልድዩን ተሻግረህ»፣ «ፖሊ ዋናው በር»። ሹፌሩም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ካርታ ላይ የምትታየው ሰማያዊ ነጥብ ግቢ ውስጥ ስትገባ ትዋዥቃለች፤ «ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ ቢጫው በር» ግን አትዋዥቅም። እምቢ ላሉት ብለን የሠራነውን መንገድ እሺ ያሉትም መጠቀም ጀመሩ። ፈቃድ የከለከለን ሰው ቅጣት የሚመስል ባዶ ገጽ የምናሳየው ለምን እንደነበር አሁን ሳስበው አይገባኝም።

ሳይጠይቁ መሥራት

ከአራቱ ፈቃዶች ሦስቱን ቆይተን ጣልናቸው። የስልክ ማውጫውን የፈለግነው ሰው ለእናቱ ባጃጅ ሲልክ ቁጥሯን ከማውጫው እንዲመርጥ ነበር። ለዚህ ግን የስልኩን የራሱን ማውጫ ከፍቶ አንድ ሰው ማስመረጥ ይቻላል፤ አፑ የሚያገኘው የተመረጠችውን ብቻ ነው፣ ፈቃድም አይጠየቅም። ለፎቶም እንዲሁ፤ የሲስተሙ ፎቶ መምረጫ የተመረጠውን ብቻ ያቀብላል። ለመደወልም ቁጥሩን መደወያው ላይ ሞልቶ መክፈት ይበቃል፤ አረንጓዴውን የሚነካው ሰውየው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጉድ አለ። ፎቶ ለማንሳት የስልኩን የራሱን ካሜራ አፕ መጥራት ፈቃድ አይፈልግም። ነገር ግን «ለማንኛውም» ብለህ የካሜራ ፈቃድን ማኒፌስቱ ላይ ካስመዘገብክና ሰውየው ከከለከለህ፣ ያው ነፃ የነበረው መንገድ ተዘግቶ አፑ ይወድቃል። አንድ ቀን ሙሉ በልቶብኛል።

ኤስኤምኤስ ለብቻው ቦታ ይገባዋል። የማረጋገጫ ኮድ ከመልእክት ላይ በራሱ እንዲሞላ ብለን ሁሉንም መልእክት የማንበብ ፈቃድ ጠይቀን ነበር። ለስድስት አኃዝ ብሎ የሰውን ሙሉ የመልእክት ሳጥን መክፈት፤ የባንክ ሒሳቡ፣ የቴሌብር ዝውውሩ፣ የሐኪም ቀጠሮው፣ የዘመድ ሞት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ጎግል ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ ይህን ፈቃድ ፕሌይ ስቶር ላይ ከመደበኛ የመልእክት አፖችና ከጥቂት ልዩ ጉዳዮች በቀር ከልክሏል። በምትኩ አፑን የሚለይ 11 ፊደል ያለው ኮድ መልእክቱ መጨረሻ ላይ ከተጻፈ ስልኩ ያችን አንድ መልእክት ብቻ ለአፑ ያሳልፋል። ለእኛ ትንሽ ችግር አለው፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ፊደል ነው፣ በላቲን ግን 160። ስለዚህ ሰላምታው ይቀራል፣ «ኮድዎ» ብቻ ይበቃል።

ለሹፌሮች ግን ነገሩ ይለያል። ሹፌሩ ስልኩን ኪሱ ከትቶ እየነዳ ቦታው መታወቅ አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሁልጊዜ ፍቀድ» ወደሚለው ይሮጣል። አያስፈልግም። ሹፌሩ «ሥራ ጀምር»ን ሲነካ፣ አፑ ስክሪን ላይ ሳለ፣ የማያቋርጥ ማሳወቂያ ያለው አገልግሎት ከተነሳ «ስጠቀምበት ብቻ» በሚለው ፈቃድ ቦታውን መከታተል ይቻላል። ማሳወቂያው ከላይ እስካለ ድረስ ሹፌሩ እየታየ መሆኑን ያውቃል፤ «ሥራ ጨርሻለሁ» ሲል ይጠፋል። ማታ ቤቱ ሲገባ የት እንደገባ የማወቅ ሥራ የለንም።

ትክክለኛ ቦታ የማይፈልግ አፕም ብዙ ነው። ግምታዊው የቦታ ፈቃድ አንድሮይድ ላይ ሰውን ወደ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ስፋት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ባጃጅ አያመጣም፤ ለብቸና ገበሬ የደጀንን የጤፍ ዋጋ እንዳያሳይ ግን ከበቂ በላይ ነው።

እኛ ያልጠየቅነው፣ አፓችን የጠየቀው

አንድ ጊዜ የተጠናቀቀውን ኤፒኬ ስንከፍት ማኒፌስቱ ላይ ማናችንም ያልጻፍነው ፈቃድ አገኘን። ማን ጻፈው ተባባልን። የጻፈው ማንም አልነበረም፤ ለማስታወቂያ ብለን ያስገባነው ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ፣ ይዞት መጥቶ ነው። አፕ ሲገነባ የላይብረሪዎቹ ማኒፌስት ከዋናው ጋር በዝምታ ይቀላቀላል። እንግዳው እንግዳ አስከትሎ መጣ ማለት ነው። ማስወገጃው አንድ መስመር ነው፤ ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ።

ሌላው የወቅት ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ የሚናገር ሰው ብዙም አልሰማሁም። አንድሮይድ 11 ለጥቂት ወራት ያልተከፈተ አፕ ላይ የተሰጡ ፈቃዶችን በራሱ ይመልሳል፤ ኋላ ላይ ጎግል ይህንን ወደ ቀደሙት ስልኮችም አውርዶታል። ከተማ ውስጥ አፕ በየቀኑ ይከፈታል። የእህል ዋጋ የሚያይ ገበሬ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ይከፍተውና እስከ ቀጣዩ መኸር ይረሳዋል። ፈቃድ የተሰጠ ጊዜ «ተሰጥቷል» ብሎ ሜሞሪ ላይ የጻፈ ፕሮግራመር ለቀጣዩ ኅዳር ችግር እየዘራ ነው። ፈቃዱ መኖሩን በየአጠቃቀሙ ልክ እንደ አዲስ መጠየቅ ያለበት ስልኩ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም፤ ስልኩ «አለህ» ካለ ሰውየው አይረበሽም።

በሩ ሌላ ቦታ ሲሆን

እስካሁን ያልኩት ቅን ልብ ላለው አፕ ሠሪ ነው። ቅን ያልሆነውስ? ፕሌይ ስቶር ላይ ጎግል አጥር አለው። የብድር አፖች የደንበኞቻቸውን ስልክ ማውጫ ወስደው ያልከፈለውን ሰው ለዘመድ ለጓደኛው እየደወሉ ማዋረድ ኬንያና ናይጄሪያ ውስጥ ከበዛ በኋላ፣ ከግንቦት እ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ጀምሮ የግል ብድር አፖች ማውጫና ፎቶ እንዳይነኩ ተከልክለዋል። ይህ አጥር የሚሠራው ግን በዚያ በር ለገባ ነው። በዜንደር የመጣ ኤፒኬ አጥሩን ጭራሽ አላየውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ዋይፋይ ካለበት ያወረደ ሰው ለጓደኛው ከማቀበል ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? ልማዱም ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።

እንዲህ በመጣ አፕ ላይ ከሁሉ የከፋው ፈቃድ ማውጫም ኤስኤምኤስም አይደለም፤ ለዓይነ ስውራንና መሰል ተጠቃሚዎች የተሠራው የተደራሽነት አገልግሎት ነው። ይህን ያገኘ አፕ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ያነባል፣ በሰውየው ፈንታም ቁልፍ ይነካል። የባንክ ሒሳብ የሚዘርፉ አፖች ደጋግመው የሚጠይቁት እሱን ነው። አንድሮይድ 13 ከፋይል ለተጫኑ አፖች ይህን መቼት ይቆልፈዋል፤ ለመክፈት ሆን ብሎ ሌላ ገጽ መሄድ ይጠይቃል። የሞባይል ቤት ልጆችን የምለምነው አንድ ነገር ቢኖር ያንን ገጽ ለማንም እንዳይከፍቱ ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃን በፈቃድ ስለመሰብሰብ ይደነግጋል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የመረጃው ባለቤት ነው። እንግዲህ ሰርቨራችን ላይ «ተጠቃሚዋ ፈቅደዋል» ብለን ያስቀመጥነው ምልክት፣ የደብረ ማርቆሱ ልጅ ጣት ከሆነ፣ ምን ያህል ያስኬደናል? ማውጫቸው ውስጥ ያሉት መቶ ምናምን ሰዎችማ፣ ንስሐ አባታቸው፣ የዕድር ዳኛው፣ አዲስ አበባ ያለው ልጅ፣ ጭራሽ የጠየቃቸው የለም። ማውጫ የሚወስድ አፕ የአንድ ሰው እሺታ ይዞ የመንደሩን ስም ይሰበስባል።

አሁን አዲስ ሥሪት ከመልቀቃችን በፊት አንድ ሙከራ አለችን። አዲስ ስልክ ላይ ጭነን ፕሮግራመር ላልሆነ ሰው እንሰጥና «የሚጠይቅህን ሁሉ እምቢ በል፣ ከዚያ ፖሊ በር ድረስ ባጃጅ ጥራ» እንላለን። ባለፈው ሳምንት የሞከረልን የጓደኛዬ አባት ናቸው። ባጃጁ መጣ። ማሳወቂያን ስለከለከሉ ግን መድረሱን አልሰሙም፤ ሹፌሩ በር ላይ ክላክስ ሲያደርግ ነው የወጡት። «ጥሩንባው ይበቃል፣ ምን ሌላ ትፈልጋላችሁ» አሉን። እኛ ግን ማሳወቂያ ለከለከለ ሰው ገና መልስ አላገኘንለትም።